የቢምቢ ጣት

ቢምቢ የሚለውን ስም ያወጡላት የሕፃናት ክፍል በሽተኞች ናቸው። መርፌዋ ስትገባ አትታወቅም፤ እሷ ቲዩቦቿን ሰብስባ ከሄደች በኋላ ነው «ውይ፣ ነከሰችኝ እንዴ?» የሚባለው። ስሙ ከልጆቹ ወደ እናቶቹ፣ ከእናቶቹ ወደ ነርሶቹ እያለ ተዛመተና በመጨረሻ የገዛ ባሏ ሳይቀር ስልኩ ላይ «ቢምቢ» ብሎ መዘገባት። እሷ አልከፋትም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ደም ስትቀዳ ኖራ ከዚህ የባሰ ስም ሳይወጣላት መቅረቱ ራሱ ተመስገን የሚያሰኝ ነው።

ሆስፒታሉ ስድስት ደም ቀጂዎች አሉት። አምስቱ የሙያ ብቃት ሰርተፊኬት አላቸው፤ ስለዚህ የደመወዛቸው እርከን ከፍ ያለ ነው። ቢምቢ ሰርተፊኬት የላትምና ትናንት የተቀጠረ ጀማሪ የሚከፈለውን ይከፈላታል። ይሁን፣ ይሄም ይቻል ነበር። የማይቻለው ምን መሰላችሁ? የአንድ በሽተኛ ደም ሥር አልገኝ ሲል እነዚያ ባለ ሰርተፊኬቶች ሁለት ክንዱን ወንፊት ያደርጉትና፣ ሲጨንቃቸው ስልክ አንሥተው «ቢምቢዬ፣ በናትሽ ድረሽልን» የሚሉት እሷን ነው። ትደርሳለች፣ በአንድ ጊዜ ትቀዳለች፣ ትመለሳለች። ወሩ ሲያልቅ የወጋው ብዙ ይወስዳል፣ የቀዳችው ትንሽ ትወስዳለች። ይሄ ቆሽት አያሳርርም? እኔን አሳርሮኛል፣ እንኳን እሷን!

ታዲያ ሰርተፊኬቱን ለምን አላወጣችም ትሉኝ ይሆናል። ፈርታ አይደለም፤ ሰንፋም አይደለም። ጉድ የሠራት ጣቷ ነው።

ሥራውን ያስተማረቻት አንዲት አሮጊት ደም ቀጂ ነበረች። የአሮጊቷ አሠራር እንዲህ ነው፦ ጓንቱን ታጠልቅና የሌባ ጣቱን ጫፍ በጥፍሯ ቆንጠር አድርጋ ትበጥሰዋለች። በቀዳዳው ራቁቱን ብቅ ያለው የጣቷ ጫፍ ክንዱን ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ ደም ሥሩን የትም ቢደበቅ ያገኘዋል። ክልክል ነው። የሰው ደም ነው፣ ስንት በሽታ ሊኖርበት የሚችል ነገር ነው፤ ጓንት የተሠራው ለዚሁ ነው። ግን አሮጊቷ እንደዚያ ሠራች፣ ቢምቢም እንደዚያ ለመደች፣ የላብራቶሪው ኃላፊም አይቶ እንዳላየ አለፈ። በሽተኛው አልጮኸ፣ ደሙ መጥቷል፤ ማን ከሚሠራ ጣት ጋር ይጣላል?

የብቃት ምዘናው የሚመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ባለፈው ጊዜ ቢምቢ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ጨርሳ፣ የቲዩቦቹን ቅደም ተከተል ሸምድዳ፣ ነጭ ጋውኗን አስተኩሳ ገባች። እጇን ታጠበች፤ ጓንት አጠለቀች፤ ለበሽተኛው ስሟን ነገረች፤ ክንዱን አሰረች። ወዲያው መነጽር ያደረገችው መዛኝ «ይበቃል፣ ውጪ» አለቻት።

«ምነው? ምን አጠፋሁ?»

«እጅሽን እዪው።»

ብታይ፣ ሌባ ጣቷ ጓንቱን ቀድዶ ወጥቶ ቁጭ ብሏል። መች እንደቀደደችው እንኳ አታውቅም! የዘጠኝ ዓመት ልማድ እሷን ሳያስፈቅድ ሥራውን ሠርቷል። ገብታ እስክትወጣ አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ የሁለት ዓመት ተስፋዋ በዚያች አምስት ደቂቃ ውኃ በላው።

ደመወዝ አልጨምር ሲል ሰው ምን ያደርጋል? ሰዓቱን ይሸጣል። ቢምቢም ያላትን ሰዓት ሁሉ አውጥታ ሸጠች። መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ጠየቀች፤ የበዓል ቀን ተረኛ በሙሉ እሷ ሆነች። ከዚያ አንድ የግል ላብራቶሪ ገባች፤ ሆስፒታሉን በስምንት ሰዓት ትለቅና እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እዚያ ስትቀዳ ታመሻለች። ቀጥሎ እሑድ እሑድ ቤት ለቤት ጀመረች፤ ከአልጋ መነሣት የማይችሉ ሰዎች ዘንድ ሳጥኗን አንጠልጥላ ትዞራለች። ገንዘቡ መጣ፤ አልዋሽም፣ መጣ። የቤት ኪራዩ በቀኑ መከፈል ጀመረ። ባሏ አውቶቡስ ጠጋኝ ነው፣ እሱም ማለዳ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። እንዴት ናችሁ ሲባሉ ደህና ነን ይሉ ነበር።

ደህና እንዳልሆኑ የታወቀው በአንዲት ጥርስ ነው። ልጃቸው ሚጣ ሰባት ዓመቷ ነው። ቢምቢ ስትወጣ ልጅቷ ተኝታለች፣ ስትገባም ተኝታለች። አንድ ዓርብ የሥራ መግቢያዋ አርፍዶላት የልጅቷን ፀጉር ልትሠራ ስትቀመጥ ሚጣ በመስታወቱ ሳቀችላት፤ ከፊት አንድ ጥርስ የለም።

«ውይ የኔ እናት! መች ወለቀ?»

«ሰኞ» አለች ሚጣ።

«ሰኞ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለእትዬ ነግሬያታለሁ።»

እትዬ ከትምህርት ቤት የምታመጣት ጎረቤታቸው ናት። ልጅቷ ይሄን ያለችው ተቀይማ አይደለም፤ ለሚመለከተው ክፍል አመልክቻለሁ እንደሚል ሰው ረጋ ብላ ነው። የቢምቢን አንጀት የበላው እሱ ነው። ብትቀየም ይሻል ነበር።

የዚያን ዕለት ወደ ሥራ ስትሄድ አውቶቡስ ውስጥ ሆና አሰበችው። ገንዘብ ያመጣችባቸው መንገዶች ሁሉ ከሚጣ ላይ የተቆረሱ ናቸው። ሰዓት ሳይቆርስ ገንዘብ የሚጨምር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም እርከኑ ነው። እርከኑ ከተስተካከለ የከሰዓት በኋላውን ሥራ ትተወዋለች፤ ከተወችው ሚጣን ከትምህርት ቤት የምታመጣት እሷ ትሆናለች። ለምዘናው አራት ወር ቀርቷል። «በዚህ ጊዜ ወይ ጣቴ ወይ እኔ!» አለች ድምፅ አውጥታ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ቦርሳውን ያዝ አድርጎ ፈቀቅ አለላት።

ማግስቱን ጀመረች። ሙሉ ጓንት፣ ለሁሉም በሽተኛ፣ ቀልድ የለም። የመጀመሪያው ሳምንት ውርደት ነበር። ጣቷ በጎማው ውስጥ ዕውር ሆነ፤ ዓመት ሙሉ ስታ የማታውቅ ሴት በሦስት ቀን አራት ሰው ሳተች። አምስቱ ባለ ሰርተፊኬቶች ወሬውን ተቀባበሉት። «ቢምቢ ክንፏ ተሰበረ» አለ አንደኛው ምሳ ላይ፣ እንድትሰማ ጮክ ብሎ። ደሟ ፈላ። ግን ጥርሷን ነክሳ የሳተችውን በሽተኛ ሁሉ ይቅርታ እየጠየቀች ለሌላ አሳለፈች። ይሄ ለኩሩ ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ባሏ አዘነላት። «ምን ያስጨንቅሻል? ሥራ ላይ እንደለመድሽው ቅደጂው፤ ለምዘናው ቀን ብቻ ተጠንቀቂ።»

«ባለፈውም ለዚያ ቀን ብቻ ነው የተጠነቀቅኩት» አለችው። «እጄ ቀኑን አያውቅም።»

ነገሩ ገባውና እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ሰጣት። ከዚያ ወዲያ ማለዳ ማለዳ፣ ሻይ ሳይጠጣ፣ ግሪስ የበላውን ክንዱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያንቀላፋል፤ እሷ በጓንት ትዳብሳለች። ሚጣ አንድ ቀን ለሽንት ተነሥታ ይሄን አየችና «እኔንም ቀስቅሱኝ» ብላ ድርቅ አለች። ጨዋታውን የፈጠረችውም እሷው ናት። ከመስፊያው ሣጥን ክር ትመዝና ደብተሯ ውስጥ አንድ ገጽ ሥር ታጋድመዋለች። ቢምቢ ዓይኗን ጨፍና፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ክሩን በጣቷ ትፈልጋለች። አንድ ገጽ ሲለመድ ሁለት፣ ሁለት ሲለመድ ሦስት።

«እዚህ ጋ?»

«አይደለም።»

«እዚህ?»

«አሁንም አይደለም። እማዬ አጭበርባሪ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ!»

ልጅቷ ምሕረት አታውቅም። አንድ ጠዋት ክሩን ጨርሶ ሳታስገባ «ፈልጊ» ብላት ቁጭ አለች። ቢምቢ ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ዳብሳ ዳብሳ በመጨረሻ «እዚህ ምንም የለም» ስትል፣ ሚጣ እየተንከተከተች ወለሉ ላይ ተንከባለለች። አባትየውም እንቅልፉን ትቶ አብሮ ሳቀ። ቢምቢ የተናደደች መሰለች እንጂ በሆዷ ደስ ብሏታል፤ የሌለውን የለም ማለትም እኮ ትምህርት ነው።

በሦስተኛው ወር ስድስት ገጽ ሥር ያለ ክር አገኘች። ሆስፒታልም ስልኩ እንደገና ይደወል ጀመር፤ «ቢምቢዬ፣ በናትሽ...» ሄዳ በሙሉ ጓንት ቀድታ ስትመለስ ጣቷን ብቻ አንዴ ከፍ አድርጋ ታሳያቸዋለች።

የምዘናው ቀን ደረሰ። በሩን ከፍታ ስትገባ ማንን ብታይ ጥሩ ነው? ያቺኑ መነጽራም መዛኝ! ከጎኗ ደግሞ አንድ ዝምተኛ ሰውዬ ሰዓት ይዞ ተቀምጧል። ሕጉ ተነገራት፦ ሦስት በሽተኛ፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ ከሁለት ጊዜ በላይ መውጋት የለም፣ ጓንት ከተቀደደ ወዲያውኑ መውጣት ነው። የመጨረሻውን ስትናገር መነጽራሟ ቀና ብላ አየቻት።

የመጀመሪያው ወጣት ወዛደር ነበር፤ ደም ሥሩ እንደ ገመድ ተገትሯል። ሁለተኛዋ የስልክ ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ እሷም አላስቸገረችም። ሦስተኛው ሲገቡ ግን የቢምቢ ልብ ድንግጥ አለ። በየስድስት ወሩ ለምርመራ የሚመጡ፣ ሥራ ያቆሙ ልብስ ሰፊ ናቸው። ደም ሥራቸው በመድኃኒት ብዛት ጠፍቷል፤ ከእሷ በቀር ማንም አግኝቶት አያውቅም፤ እሳቸውም ከእሷ በቀር ማንንም አያስጠጉም።

«እሰይ፣ የኔዋ ናት!» አሉ ሲያዩዋት። እጅጌያቸውን ጠቅለው ተቀመጡ። በጓንት ክንዳቸውን ስትዳብስ ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ምነው ልጄ፣ ጣትሽስ? ያቺ ራቁቷን የምትወጣው? ዛሬ ምን ብላ ተደበቀች?»

የመነጽራሟ እስክሪብቶ ቆመ። «ምን ማለታቸው ነው?»

ውሸቱ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። «ሽማግሌ ናቸው፣ ተምታቶባቸው ነው» ብትል ማን ይጠይቃታል? የሚጣ ከሰዓት በኋላ በሙሉ በዚያች አንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል። ግን ልብስ ሰፊው ፊት ለፊት እያዩዋት ነው። ስድስት ዓመት ክንዳቸውን አምነው የሰጧትን ሰው፣ እዚያው ፊታቸው ጃጅተዋል ማለት አልሆነላትም።

«እውነታቸውን ነው» አለች። «አሥራ አንድ ዓመት የጓንቴን ጫፍ እየቀደድኩ ነው የሠራሁት። ካቆምኩ አራት ወሬ ነው።»

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩም!» አሉ ልብስ ሰፊው፣ ነገሩ አሁን ገብቷቸው። «ዓይኔም እኮ ደክሟል! መነጽሬን ቤት ነው የረሳሁት! የሌላ ሰው ጣት ይሆናል ያየሁት!»

መዛኟ አንድ ነገር ጻፈች። ረዥም ነገር ነው የጻፈችው። ከዚያ ቀና ሳትል «ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ቀጥይ» አለች።

ቢምቢ ቀጠለች። ግራ ክንዳቸውን አስራ ዳበሰች፤ ምንም የለም። ቀኙን አሰረች፤ እዚያም የለም። ገምቶ መውጋት ይቻላል፤ አምስቱ የሚያደርጉት እሱን ነው። እሷ አልወጋችም። ማሰሪያውን ፈታች፣ ሙቅ ውኃ አስመጥታ ፎጣ ነከረች፣ ክንዳቸውን ጠቀለለች፣ እጃቸውን ወደ ታች እንዲያንጠለጥሉ ነገረቻቸውና ቆማ ጠበቀች። ዝምተኛው ሰውዬ ሰዓቱን አየ፤ እሷ አላየችም።

ፎጣውን አንሥታ እንደገና ስታስር አንድ ነገር አስደነገጣት። ግራ እጇ በራሱ ጊዜ ሄዶ የቀኝ እጇን ጓንት ጫፍ በሁለት ጣት ቆንጥጦ ይዞታል። ሊበጥስ ነው!

«ተው!» አለች።

«እኔን ነው?» አሉ ልብስ ሰፊው ደንግጠው።

«ኧረ አይደለም አባባ፣ እጄን ነው።»

እጁ ለቀቀ። ዓይኗን ጨፈነች። ከክርናቸው መታጠፊያ ወርዳ፣ በአውራ ጣታቸው በኩል ወደ እጃቸው አንጓ ስትቃረብ፣ አንዲት ቀጭን ነገር ከሥር መልሳ ገፋቻት። ፈቀቅ ስትል ጠፋች፤ ስትመለስ እዚያው ናት። «አገኘሁሽ» አለች በሆዷ። መርፌዋ ገባች። ልብስ ሰፊው «ወጋሽ እንዴ?» ሳይሉ ደሙ ቲዩቡ ውስጥ ፈሰሰ። ቲዩቦቹን በተራቸው ሞላች፣ ቀስ ብላ ገለባበጠቻቸው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ራሳቸውን አስነግራ እዚያው ፊታቸው ጻፈችባቸው። ጓንቷን ስታወልቅ ውስጡ በላብ ርሶ ነበር፤ ቀዳዳ ግን የለውም።

መዛኟ ጓንቱን ተቀብላ በብርሃን አየችው። «ሥራሽ እንከን የለውም፣ አልፈሻል» አለች። «ሰርተፊኬቱን ግን ዛሬ አልሰጥሽም። አሥራ አንድ ዓመት ባዶ ጣት በሰው ደም ላይ! መጀመሪያ የራስሽን ደም ተመርመሪና ነይ። ለእኔ ብዬ አይደለም፣ ለራስሽ ነው።»

እንግዲህ ደም ቀጂዋን ማን ይቅዳት? ዕጣው «ክንፏ ተሰበረ» ባለው ሰውዬ ላይ ወደቀ። ላብ አጠመቀው። አንዴ ሳተ፤ ደግሞ ሳተ። «የተፈቀደልህ ሁለት ጊዜ ነው፣ ለሌላ አሳልፍ» አለችው ቆጣ ብላ፤ ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ግን አልቆየም። ውጤቱ እስኪመጣ ሦስት ቀን ጠበቀች። ያ ጣት ስንቱን ነክቷል! ሚጣን ስታቅፍ እንኳ እሱን ጣቷን ወደ መዳፏ አጥፋ ነበር። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ አለች፤ ደጋግማ አለች። በሦስተኛው ቀን ኃላፊው ራሱ ወረቀቱን ይዞላት መጣ። ንጹሕ ነው። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ ኃላፊውን እዚያው ያዘችው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ የጠፋ ደም ሥር ፍለጋ በስልክ የምጠራ አይደለሁም። አዳዲሶቹን በሥራ ሰዓት አሠለጥናቸዋለሁ፤ በሙሉ ጓንት። የማሠልጠኛ አበሌ ከአዲሱ እርከን ጋር አብሮ ይጻፍልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ዛሬ አፍ አወጣሽ» አላት።

«አዎ፣ አወጣሁ።»

ጻፈላት፤ ምን ያድርግ?

ሰርተፊኬቷን ተቀብላ በሳምንቱ ወደ ግሉ ላብራቶሪ ሄደች። ባለቤቱ ልትሰናበት መምጣቷን ሲሰማ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «አሁን እኮ ባለ ሰርተፊኬት ነሽ። ክፍያሽን እጥፍ አደርገዋለሁ።» እጥፍ! አልዋሽም፣ ቢምቢ አንድ ጊዜ ምራቋን ዋጥ አደረገች። በእጥፉ የሚገዛው ነገር ሁሉ በዓይኗ ዞረ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሰዓቱ ተይዟል።»

«በማን? ማነው ከኔ የበለጠ የሚከፍልሽ?»

«አንዲት ደንበኛ አለችኝ» አለች። «ምንም አትከፍልም።» ጋውኗን አጣጥፋ ሰጥታው ወጣች።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ትምህርት ቤቱ በር ቆመች። ለእትዬ ነግራታለች፤ ለሚጣ ግን ላስደንቃት ብላ አልነገረቻትም። ደወሉ ተደውሎ ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። ሚጣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እያወራች መጣች፤ ዓይኗ እትዬ ሁልጊዜ ወደምትቆምበት የመብራት እንጨት ሄደ፤ እናቷን በክንድ ርቀት አልፋት ሄደች። አላየቻትም። እዚያ በር ላይ እናቷን ፈልጋ አታውቅማ!

«ሚጣ!»

ልጅቷ ዞረች። ቢምቢ የጠበቀችው ጩኸት ነበር፣ ሳቅ ነበር። የሚጣ ፊት ግን አመድ መሰለ።

«እማዬ፣ ማን ታመመ?»

እውነቷን ነው፤ በዚህ ሰዓት እናቷን ያየችው አባቷ እግሩን የተሰበረ ቀንና አያቷ ያረፉ ቀን ብቻ ነው። ቢምቢ መንገዱ ላይ ተንበረከከችና ትከሻዋን ያዘቻት።

«ማንም አልታመመም። ልወስድሽ ነው የመጣሁት።»

«እትዬስ?»

«ቤቷ ናት። ደህና ናት።»

ሚጣ አሰበች። «ነገ ግን እትዬ ናት የምትመጣው።»

«ነገም እኔ ነኝ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብም እኔ ነኝ፣ የኔ እናት።»

ልጅቷ የእናቷን ፊት ትክ ብላ አየች። ከዚያ «እሺ» አለች፤ ቦርሳዋን አውልቃ አሸከመቻት። እጅ ለእጅ ተያይዘው ሄዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ግን ሚጣ ዞር ብላ የመብራት እንጨቱን አየችው፤ ምናልባት እትዬ መጥታ እንደሆነ ብላ። ቢምቢ አይታታለች። ልጅቷ እስክታምን ድረስ በየቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል እዚያ በር ላይ መቆም ነው፣ ሌላ መላ የለውም።